ቡችላችን ትል አስመለሰ፣ ቁንጫም ያለበት ይመስላል። ልጄን እንዴት ልጠብቃት?

የትንሿ እናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው አራት ኪሎ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሰባ ደረጃ በታች ያሉ ወዳጆቻችን ሰፈራቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ እናትየዋን ውሻ ይዘው ሄዱ። ከልጆቿ አንዱን ለእኛ ሰጡን። ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስሙን ቡቺ አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ አጠገቤ ካልሆነ አልተኛም ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ቡቺ በረንዳው ላይ አስመለሰ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ትውከቱ ውስጥ ነጭ፣ እንደ ፓስታ ቀጭን የሆነ ነገር አለ። በስንጥር ነካ አደረግሁት። ተጠማዘዘ። በሕይወት አለ! በዚያ ላይ የልጄ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል። ሌሊቱን ስታክ ነው የምታድረው።

ባለቤቴ ነገውኑ ይመለስ ብሏል። እናቴ ደግሞ ውሻ ያለበት ቤት ኮሶ አይጠፋም አለች። ልጄ ይህን ስትሰማ ቡቺን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች። አሁንም ስጽፍ ዓይኗ እንዳበጠ ተኝታለች።

ይሄ ትል ወደ ልጄ ይተላለፋል? ሽፍታውስ ከእሱ ነው? ቡቺን ማቆየት እንችላለን ወይስ ባለቤቴ ልክ ነው? በረንዳውን በበረኪና አጥቤዋለሁ።


የቀበና ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ አይዞሽ። ትል የሌለበት ቡችላ ብርቅ ነው። የእኔም እንደዛው ነበር፣ ዛሬ አምስት ዓመቱ ነው። ነገ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። ከመንገድ ዳር መድኃኒት ገዝተሽ በግምት እንዳትሰጪው ግን።


የእንስሳት ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

እንኳን ጠየቅሽ። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተምሬ አሁን መሀል ከተማ እሠራለሁ።

የገለጽሽው ክብ ትል ይመስላል፣ ቶክሶካራ ይባላል። ቡቺ ከውጭ ያመጣው አይደለም። እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ነው የያዘው። ትሉ በእናትየው ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ስታረግዝ ይነቃል። በእትብት በኩል ወደ ቡችሎቹ ያልፋል። ከተወለዱ በኋላ ደግሞ በጡቷ ወተት ይቀጥላል። ስለዚህ ወዳጆቻችሁ ቡችላውን በደንብ አልያዙትም ማለት አይደለም። ለዚህም ነው ቡችላ ገና በ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይጀምር የምንለው። እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ እስከ 6 ወር በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየ3 ወሩ። አንዴ ሰጥቶ መተው ብዙም አይረዳም። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ያጸዳል እንጂ ሥጋ ውስጥ የተደበቀውን አያገኘውም።

አሁን ስለ ልጅሽ። የሚያሰጋት ያየሽው ትል ራሱ ሳይሆን በዓይን የማይታየው እንቁላሉ ነው። እሱ የሚወጣው ከካካው ጋር ነው። ደግነቱ ገና እንደወጣ ሰው አይዝም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት አፈር ላይ መቆየት አለበት። በየቀኑ ካነሳሽው ለዚያ ጊዜ አያገኝም። ካላነሳሽው ግን አፈር ውስጥ ገብቶ ዓመት አልፎም ይኖራል። ልጅ አፈር ነክታ እጇን አፏ ውስጥ ስትከት ነው ችግሩ የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። አንዳንዴ ግን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ጉበት፣ ሳንባ፣ ሲብስም ዓይን ውስጥ ይገባል። የማይለቅ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም ካለባት ወይም አንድ ዓይኗ በደንብ አያይም ካለችሽ ለሐኪሟ ቤት ውስጥ ቡችላ እንዳለ ንገሪው። ካልነገርሽው ላያስበው ይችላል።

በረኪናው ሽታውን ያጠፋል እንጂ እንቁላሉን አይገድለውም። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። የሚገድለው ሙቀት ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሺ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ድፊበት። ልጅቷ ዞር ትበል።

ክሊኒክ ስትሄጂ መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሎ ስለሆነ ክብደቱን እወቂ። እሱን አቅፈሽ ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪ፣ ልዩነቱ የእሱ ነው።

ስለ ኮሶ እናትሽን በአክብሮት አስረጃቸው። ኮሶ ከውሻ አይመጣም። ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። በሬውን የሚይዘው ደግሞ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው ነው። ውሻ በዚህ መሀል የለበትም።


የድሮ ፒያሳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ እናትሽን እሆናለሁ። ውሻ ሳይኖረን የኖርንበት ዘመን የለም። በእኛ ጊዜ ለቁንጫ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠን በአረፋው ውሻውን እናጥበው ነበር። መዥገር ከነከሰው ላምባ ጠብ ይደረግበታል፣ ራሱ ይለቃል። ይህን ሁሉ መድኃኒት ሳንገዛ ልጆቻችንም ውሾቻችንም አድገዋል። አትጨነቂ።


የእንስሳት ሐኪም
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። የእንዶዱ ነገር በደንብ ይገባኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ነገር ያገኙት። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። ግን እንዶድ የገደለው ቀንድ አውጣ ነው፣ ለቁንጫ አልተረጋገጠም። የቡችላን ዓይን ደግሞ ክፉኛ ይለበልባል።

ላምባውን ግን አደራ እማማ፣ ይቅርብን። መዥገሯ ስትቃጠል የሆዷን ወደ ቁስሉ ትተፋለች፣ በሽታ ካለባትም እዚያው ታስገባለች። ላምባው የውሻውን ቆዳ ይልጣል፣ ሲልሰው ደግሞ ይመረዛል። ክብሪት መለኮስም፣ ቅቤ መቀባትም ያው ነው። ወረንጦ ብቻ ይበቃል። ቆዳው ጋ ጥግት ብሎ ጭንቅላቷን መያዝ፣ ሳይጠመዝዙ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ሆዷን መጭመቅ አይገባም። ከዚያ እጅንም ቦታውንም በሳሙና መታጠብ ነው።


የድሮ ፒያሳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ይሁን ልጄ። ወረንጦውን ገባኝ። ለልጅ ልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ተባረክ።


ካዛንችስ ያደግሁ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። ስለ ክብ ትልና ስለ ቁንጫ ሁሉም ያወራል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሳንባ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት ሳል ያዘው። ወር አለፈው። ሳንባ ነቀርሳ ነው ብለን ፈራን። ኤክስሬይ ሲነሳ ሳንባው ውስጥ ክብ ጥላ ታየ፣ ጠርዙ በኮምፓስ የተሳለ ይመስላል። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ ዞሮ ምን ብሎ ጠየቀው መሰላችሁ? «ልጅ እያለህ ቤታችሁ ውሻ ነበር?»

ነበረን። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለእንቁጣጣሽ በግ በታረደ ቁጥር ሳንባው ለውሻው ነው የሚጣለው። የምጥለውም እኔ ነበርኩ። አንዳንዱ ሳንባ ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያክል፣ በነጭ ስስ ቆዳ የተሸፈነ፣ ሲነኩት ውሃ የቋጠረ ነገር ነበረው። አባቴ ይህ ለሰው አይሆንም ይለኛል፣ እኔም ለውሻው እወረውርለታለሁ። ውሻው ይውጠዋል። ማታ ወንድሜ ያንኑ ውሻ አቅፎ ይተኛል።

ወንድሜ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ዛሬ ደህና ነው፣ ተመስገን። ግን እኔ በግ ሲታረድ ባየሁ ቁጥር ያ የሎሚ ፍሬ ይታየኛል። እባካችሁ በዓል ሲመጣ ለዘመዶቻችሁ ንገሩ።


የእንስሳት ሐኪም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ ከልብ አመሰግናለሁ። እንኳንም ወንድምህ ዳነ። ነገሩን ላብራራው፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ከቶክሶካራም ከቁንጫም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሃይዳቲድ ይባላል። ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ እልፍ አእላፍ የትል ራሶች አሉ። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ወደ ትል ያድጋሉ። ትሉ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ካካው ላይ አይታይም። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ትሉ እንቁላል ይጥላል። እነዚህ እንቁላሎች እንደ ቶክሶካራ አፈር ላይ መቆየት አያስፈልጋቸውም። እንደወጡ ይይዛሉ። ውሻው መቀመጫውን ልሶ ጸጉሩን ይልሳል፣ ልጅ ጸጉሩን ትዳብሳለች፣ እጇን ሳትታጠብ እንጀራ ትቆርሳለች። በቃ። ከዚያ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። በሽታው ሲታወቅ ያ ውሻ ከሞተ ቆይቷል። ለዚህ ነው ማንም ሁለቱን የማያገናኛቸው።

ውሾቻችን ሳንባ አይብሉ አልልም። መሀል ከተማ ለውሻ ቀለብ ከልኳንዳ ቤት ሳንባ የሚገዛ ስንት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ርካሽ ነው፣ ይወዱታል። ግን ይቀቀል። ሳንባም ጉበትም ሙሉውን፣ ሳይቆራረጥ፣ ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ቢቀቀል ከረጢቱ ውስጥ ያለው ይሞታል። ከረጢት ያለበትን ደግሞ በቢላ እንዳትከፍቱት። ወይ ይቃጠል ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ቆሻሻ ገንዳ ላይ ከጣላችሁት ለሰፈሩ ውሾች በሙሉ አከፋፈላችሁት ማለት ነው።

ትሉን ውሻው ላይ የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ነው። እሱ የሌለባቸው የትል መድኃኒቶች አሉ። ስትገዙ ሐኪሙን «ፕራዚኳንቴል አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሬ ሳንባ የማግኘት ዕድል ላለው ውሻ በየ3 ወሩ አይበቃም፣ በየ6 ሳምንቱ ይሁን። ከበዓል በኋላ ያሉትን ሳምንታት ቁጠሩ። አንድ ነገር ደግሞ፦ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ከሰጣችሁት በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት የሚወጣውን ካካ በጓንት ወይም በፌስታል አንስታችሁ አስወግዱ።


የቀበና ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

እኔ ለአምስት ዓመት ጥሬ ሳንባ ነው የሰጠሁት። ነገ ጠዋት ክሊኒክ ነኝ።


ግንፍሌ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጥያቄ አለኝ። እኔ ውሻ ሳይሆን ድመት ነው ያለኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ ድመት ጽንስ ታስወርዳለች፣ ዛሬውኑ ትውጣ አሉኝ። ውሮ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። እውነት ላስወጣት?


አዋላጅ ነርስ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 7፡25

የኔ እህት፣ ማስወጣት አያስፈልግሽም። አማትሽ የሰሙት ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ አለ። ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከድመት ጸጉር ወይም ከትንፋሿ ግን አይመጣም፣ ከካካዋ ነው። እሱም ቢያንስ አንድ ቀን ካልቆየ አይዝም። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ይጽዳ፣ የሚያጸዳው ባልሽ ይሁን። ሰው ከጠፋ በጓንት አድርጊውና እጅሽን በደንብ ታጠቢ። ድመቷም ጥሬ ሥጋ አትብላ፣ አይጥ አድና እንዳትበላ ቤት ትዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ክትፎ ትወጃለሽ? ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ከውሮ ይልቅ ሊያሰጉሽ ይገባል። በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም እንደዛው። እስክትወልጂ ሥጋ በደንብ ይብሰልልሽ። የጓሮ አፈር ስትነኪ ጓንት አድርጊ። ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ድመት እንዳለሽ ንገሪያቸው፣ በደም ምርመራ ማየት ይችላሉ።


ግንፍሌ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 8፡00

አሁን አለቀስኩ። አማቴን ቁጭ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ክትፎውን ያመጡልኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ ልጅ ይጠናል ብለው።


የትንሿ እናት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ክሊኒክ ሄድን። ቡቺ 3.4 ኪሎ ነው። የትል መድኃኒት በሲሪንጅ ተሰጠው፣ የሚቀጥለው ቀን ካርዱ ላይ ተጻፈ። የእብድ ውሻ ክትባቱ ወደፊት ነው አሉ፣ ዕድሜው ሲደርስ።

ስለ ሽፍታው ስጠይቃት ሐኪሟ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያ አወጣች። ከጭራው በላይ ያለውን ጸጉር ሦስት ጊዜ አበጠረችው። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ብናኝ፣ ነጭ ሶፍት ላይ አራገፈችና ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል አደረገችበት። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከእያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ ዙሪያ ቀይ ቀለም መሰራጨት ጀመረ። ደም ነው። የቁንጫ ካካ፣ የተፈጨ የቡቺ ደም። አፈር ቢሆን ቀይ አይሆንም ነበር አለችኝ። ልጄ ሶፍቱን ቤት ይዤ ካልሄድኩ ብላ አስቸገረችን።

ለእሱ ዕድሜ የሚሆን መድኃኒት ተሰጠው። ቤቱንስ ምን ላድርገው? ባለቤቴ ፍሊት ይነፋ ይላል።


ሥድስት ኪሎ የድመት ቤት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ስለ ቁንጫ መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ክረምት ድመቴ ቁንጫ ፈጀቻት። አንድ ሱቅ ገብቼ መድኃኒት ጠየቅሁ። ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ ሰጡኝ። የውሻ ነው፣ ለድመትም ይሆናል፣ ግማሹን አድርጊላት አሉኝ። አመንኳቸው። ማታ ጆሮዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ እግሯ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ነበር። በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ። ተረፈች፣ ግን ለጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ውስጥ የነበረው ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ ደህና ነው፣ ድመትን ግን ይገድላል። ዕቃው ላይ አንብቡ። ውሻችሁን በእሱ ካከማችሁትም እስኪደርቅ ድመቷ አጠገቡ አትተኛ።


የእንስሳት ሐኪም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

እውነቷን ነው። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ውሻ ላይ ማፍሰስም፣ የከብት አይቨርሜክቲን በግምት መውጋትም ብዙ ውሻ ጎድቶብናል። አንዳንድ ዝርያ፣ ለምሳሌ ኮሊ፣ አንዳንድ ጀርመን ሼፐርድም፣ አይቨርሜክቲን በተፈጥሮው አይስማማውም።

እናቲቱ፣ ቡቺ ላይ የምታያቸው ቁንጫዎች ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ (እጩ ቁንጫ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) ሆኖ ምንጣፍ ሥር፣ ሶፋ ውስጥ፣ የወለል ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። ሙሽሬዋ ራሷን በድር ሸፍና ትቀመጣለች፣ ፍሊት አይደርሳትም። ወራት ጠብቃ የሰው እርምጃ ሲያንቀጠቅጣት ትወጣለች። ለዚህ ነው መድኃኒት አድርገን እንኳ በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫ መልሶ የሚታየን። መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም፣ አታቋርጪ። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።

ፍሊቱን ለጊዜው ተዉት። የቡቺን ማንጠፊያና የልጅሽን አንሶላ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቢ። ምንጣፉን አውጥታችሁ አራግፉ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ጥግ ጥጉን፣ ሶፋው ሥር፣ ስንጥቁን በየቀኑ ጥረጊ፣ ጥራጊው ቤት ውስጥ አይደር። የጋራ ግቢ ነው ብለሻል፣ የጎረቤቶቻችሁ ውሻና ድመት ካልታከሙ እናንተ ብቻችሁን ብትደክሙ መልሶ ይመጣል። እነሱንም አናግሪያቸው።

ቁንጫ ሌላም ትል ያስተላልፋል። ጅራቱ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካየሽ ከቁንጫ የመጣ ትል ነው። ልጅም ቁንጫ ብትውጥ ሊይዛት ይችላል። ሲታከም ቶሎ ይለቃል። ለጊዜው ቡቺ አልጋ ላይ አይውጣ፣ ፊቷን አይላሳት። ጥፍሯ ይቆረጥ፣ ግቢ ስትወጣ ጫማ ታድርግ።


የትንሿ እናት
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የደረስንበትን ልነግራችሁ መጣሁ። ቡቺ 4.6 ኪሎ ሆኗል። ሁለተኛውን መድኃኒት ወስዷል። ከመጀመሪያው መድኃኒት ማግስት ካካው ላይ አምስት ትል ቆጠርኩ፣ ከዚያ ወዲህ የለም። የልጄ ሽፍታ ደርቋል። ቁንጫ አንድ ሁለት አሁንም አያለሁ፣ ግን አልደነገጥኩም።

ግቢያችን ሰባት አባወራ ነን። አራት ውሻና ሁለት ድመት አለ። የካዛንችሱን ወንድማችንን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ጎረቤታችን ጋሼ ተነስተው ከፋሲካ ጀምሮ ሳንባ የሚቀቀልበትን ከሰል እኔ ነኝ የማወጣው አሉ። ባለቤቴ ደግሞ ካካ ማንሻ አካፋና ክዳን ያለው ባልዲ ገዛ። ጠዋት ጠዋት የሚያነሳው እሱ ነው። ይመለስ ያለው ሰውዬ!

ለቡቺ የተለየ ድስት ለይቻለሁ። ልጄ ክዳኑ ላይ በማርከር ስሙን ጻፈችበት። «ቺ» ተገልብጣለች፣ ግን ይነበባል።

ዶክተር፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ምን ይዤ ልሂድ?


የእንስሳት ሐኪም
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡20

የዚያን ዕለት ጠዋት የወጣ ካካ፣ የአተር ፍሬ የሚያክል፣ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ። ፀሐይ አይንካው። በማይክሮስኮፕ እንቁላል መኖር አለመኖሩን ያዩልሻል። የሌሎቹን ሦስት ውሾችም ለየብቻ፣ የማን እንደሆነ ጽፈሽበት ያዢላቸው።